ወንድሟ ነው ያልኩት ሰውዬ

እናንተዬ፣ ዛሬ እዚህ ሐይቅ ከተማ የገጠመኝን ብነግራችሁ "ፈጥረህ ነው" ትሉኛላችሁ። ችግሩም ራሱ መፍጠሬ ነው!

በቅደም ተከተል ላስረዳ።

አከራዬ እትዬ ዘይነባ ዲሽ አስገቡ። ዲሽ ሠሪው የአረብ ቻናል ሲፈልግ አንድ የስፓኒሽ ቻናል ያዘ። ለማታውቁት፣ ቻናሉ አሜሪካ ለሚኖሩ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች የሚሰራጭ ነው። ከሜክሲኮ፣ ከኮሎምቢያ ርቀው የሄዱ ሰዎች ዜናውንም፣ ኳሱንም፣ ድራማውንም በእናታቸው ቋንቋ ያዩበታል።

"መምህር፣ ምን እያሉ ነው?" አሉኝ እትዬ።

"አላውቅም" ማለት ነበረብኝ። ግን አስተማሪ "አላውቅም" ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ተረጎምኩ!

የማስተምረው ባዮሎጂ ነው። ስፓኒሼ "ኦላ" ከምትለው ሰላምታ ይጀምርና እዚያው ያልቃል።

ከዚያ ወዲህ ግቢው በሙሉ ከሥራ መልስ ሳሎን ይሰበሰባል። ራህመትም ትመጣለች። ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየች ነርስ ናት። (ስሟን ቀይሬዋለሁ፣ አትድከሙ!)

ነገር የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ድራማው ላይ ኢነስ የምትባል ቆንጆ አለች። ሁለት ወንዶች ይከተሏታል፤ አንዱ ባለባርኔጣ ሀብታም፣ ሌላው ባለብስክሌት ድሃ። ባለብስክሌቱ አፉን በከፈተ ቁጥር የእኔን የልብ ነገር አስወራዋለሁ። "ከሥራ ስትመለሺ የበሩን አከፋፈትሽን ከሰው ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ" አስብዬዋለሁ። ምስኪኑ ምናልባት ስለ ጎማው እያወራ ነበር!

ባለባርኔጣውስ? "ወንድሟ ነው" ብዬ ተገላገልኩት።

ራህመት ወደ ውጫሌ ተዛውራለች። የምትሄደው ነገ ጠዋት ነው። ስለዚህ ዛሬ ባለብስክሌቱ የልቡን ሁሉ እንዲናገር አዘጋጅቼው ነበር።

እሱ ብቅ ሳይል ባለባርኔጣው መጣና ኢነስን ከንፈሯን ሳማት!

ረጅም መሳም!

መብራት በየቀኑ ይጠፋል። ዛሬ ብቻ አልጠፋም!

"አስተግፊሩላህ! ወንድሟ አይደል እንዴ?" እትዬ በሻሻቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

"የእንጀራ ወንድሟ ነው..."

"የእንጀራስ ቢሆን!"

"መምህር፣ በጣም የሚወዳት ወንድም ነው!" አለ ባጃጅ ነጂው ጎረቤታችን ሰይድ። ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ።

ደግነቱ ማስታወቂያ ገባ። አንዲት አሮጊት ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እየሳቀች ታለቅሳለች። ከወዲያ ልጇ በረዶ ውስጥ ቆሞ ያወራታል። እትዬ ሻሻቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። የእሳቸው ልጅ ጂዳ ናት።

"ይቺን እንኳ አትተርጉምልኝ" አሉ።



ሹልክ ብዬ ስወጣ ራህመት ተከትላኝ መጣች።

"መምህር፣ የባለብስክሌቱም ውሸት ነበር?"

"እሱ... እሱ እውነት ነው።"

"ታዲያ በአማርኛ የሚናገረው መቼ ነው?"

እኔስ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ማስረዳት ጀመርኩ! ስለ ትርጉም ሥራ አስቸጋሪነት!

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ "አብሽር፣ አይዞህ መምህር" ብላ ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ገባች።

አሁን በግድግዳው በኩል ዕቃ ስትሰበስብ ይሰማኛል። የውጫሌ ሚኒባስ ጠዋት በማለዳ ይነሳል። መናኸሪያው ቅርብ ነው። የምለውም አንድ አረፍተ ነገር ነው፤ ያውም በንጹህ አማርኛ።

እናንተዬ፣ የሚተረጉምልኝ ሰው ይኖራል?