ሰው የሚያሳድድ በር

አንባቢዬ፣ «በር መታኝ» የሚል ወንድ ገጥሞዎት ያውቃል? የማንኩሳው ጎረቤቴ አያልነህ እንዲያ ነበር። ግንባሩ ሲፈነከት በር ነው፤ ክንዱ ሲያብጥም ያው በር ነው። ለመሆኑ ሰው እያሳደደ የሚመታ ምን ዓይነት በር ነው?

አንድ እሑድ ሰንበቴ ላይ ጓደኛው «ሚስትህ ደበደበችህ እንዴ?» ብሎ ሲቀልድበት ሁላችንም ሳቅን። አያልነህ አንገቱን ደፍቶ፣ «አዎ፣ እሷ ናት» አለ። ሳቁ ቀጥ አለ።

የንስሐ አባቱ አጠገቡ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ነውሩ ያንተ አይደለም። ዛሬ እኔ ዘንድ እደር፤ ነገ ጤና ጣቢያም ፖሊስም አብረን እንሄዳለን» አሉት። ያ ትከሻ ሰፊ ገበሬ በረጅሙ ተነፈሰ።

አሁን ቡሬ፣ እህቱ ቤት ነው። ገበያ አግኝቼው፣ «እንዴት ከረምህ?» አልሁት።

«እንቅልፍ ጠገብሁ» አለኝ፣ እየሳቀ።