ያላነበብኳት መስመር

ከቃላት ሁሉ ለመናገር የሚከብደው የትኛው ይመስላችኋል? «ይቅርታ» የምትሉ አትጠፉም፤ እሱስ አንዴ ከጉሮሮ ካለፈ ይቀልላል። በእኔ ግምት የሚከብደው «አላውቅም» ነው፤ በተለይ ያውቃል እየተባለ ለሚኖር ሰው። ገበሬ «አላውቅም» ቢል ማንም አይፈርድበትም። ነጋዴ ቢል ዋጋ እየደበቀ ነው ተብሎ ይታለፋል። አስተርጓሚ «አላውቅም» ያለ ዕለት ግን ምን ቀረው? አበው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ልክ ናቸው። በመናገር የሚቀረውን ግን ማንም አልነገረን።

እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ። ሹመት አልነበረውም፤ እንዲያው ሆኜ ተገኘሁ እንጂ። በጎረምሳነቴ ከጎጃም አሞሌ ጭነው ከሚወርዱ ነጋዴዎች ጋር ዓባይን ተሻግሬ አሶሳ ስደርስ ንዳድ ጣለኝ። ጓዶቼ ሲመለሱ እኔ ቀረሁ፤ ከዳንኩ በኋላም ቀረሁ። ያስታመመችኝ አንዲት የበርታ ሴት ነበረች፤ በኋላ የማነሣው የሐሚድ እናት። ቋንቋቸውን የለመድኩት እሷ ቤት ተጋድሜ ነው ብል አልዋሸሁም። ዐረብኛውን ደግሞ ጨርቅና ሽቶ ይዘው ከማዶ ከሚመጡት የሱዳን ነጋዴዎች ከገበያ ለቃቀምኩት። ዘመኑ የመሃል አገር መንግሥት እጁን ወደ ቤኒ ሻንጉል ከዘረጋ ጥቂት ዓመት የሆነው፣ ማዶም አዲስ ገዥ የገባበት ነበር። ሰው ሁሉ ከሰው ሁሉ ጋር የሚነጋገረው ነገር ሞልቶት፣ የሚያነጋግረው አጥቶ ነበር። በዚህ መሃል እኔ ተገኘሁ። «ቱርጁማን» አሉኝ፤ አስተርጓሚ ማለታቸው ነው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? ለእኔ ሳልጠይቅ ነጠፈልኝ። እኔም ተቀመጥኩበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ዐረብኛ እናገር ነበር እንጂ አላነብም ነበር። በጥቅል ዕቃ ላይ የሚጻፈውን «ሳሙና»፣ «ስኳር» የሚለውን፣ እንዲሁም ነጋዴዎች ውል ሲዋዋሉ ደጋግመው የሚያሳዩኝን ጥቂት ቃል እለያለሁ። ከዚያ ያለፈው የእጅ ጽሕፈት ግን ዝናብ ሲመጣ ቤት የሚቀይሩ ጉንዳኖች ሰልፍ ነበር የሚመስለኝ። ሰዉ «የሚናገር ያነባል» ብሎ ደመደመ። እኔም አላረምኩትም።

ሐሚድ ወርቅ አጣቢ ነበር። በበጋ ወንዙ ሲሳሳ ከገበቴው ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፤ አሸዋውን አንዴ ሁለቴ ያዞረዋል፤ ሌላው ሰው ውኃ ብቻ ከሚያይበት ቦታ እሱ ወርቅ ያያል። ያጠበውን በአሞራ ላባ ቀፎ ውስጥ ይጨምርና ይደፍነዋል። ከዚያ ላባው ለግብር ይሄዳል። በየዓመቱ እንዲሁ ነው፤ ወርቁ ይሄዳል፣ ሐሚድ ይቀራል።

አንድ በጋ ወርቅ ፍለጋ የሚዞር ፈረንጅ በዚያ ወንዝ አለፈ። አለፈ ልበል እንጂ ሦስት ቀን ሙሉ ዳር ተቀምጦ የሐሚድን እጅ ሲያይ ሰነበተ። ክረምቱ ወጣ ሲል አንድ የሱዳን ነጋዴ ከዚያ ፈረንጅ የተላከ ደብዳቤ ይዞ መጣ።

ነጋዴው ፍሬ ነገሩን በቃል ያውቀዋል፤ ተነግሮታል። ፈረንጁ ከወሰን ማዶ፣ ከኩርሙክ ወዲያ ሥራ ከፍቷል። ሐሚድን የአጣቢዎች አለቃ ሊያደርገው ይፈልጋል። ደመወዝ በየወሩ፣ ጎጆ፣ ልብስ፣ ቀለብ። ነገር ግን ማዶ እንዲሁ ዘው አይባልም። የዚያ አገር ሹም የሚሰጠው የይለፍና የሥራ ወረቀት አለ፤ ወረቀቱ የሚገኘው ፈረንጁ ዋስ ሲሆን ነው። ሐሚድ በፈረንጁ ስም ሥር ይጻፋል። ፈረንጁን ከተወ ለሌላ መሥራት አይችልም፤ ወረቀቱ የሚሠራው ለዚያ ጌታ ብቻ ነው።

ይህን ለመመዘን ሐሚድ ከቀርከሃ ቤቱ ደጅ ሰበሰበን፦ እናቱን፣ ሚስቱን ሐዋን፣ ነጋዴውንና እኔን። ሐሚድ ፊቱ በርቷል። አለቃ መባሉ ሳይሆን፣ ያጠበው እጁ ላይ የሚቀርበት ቦታ መኖሩ ነበር የማረከው። ሐዋ ግን ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረችና ነገሩን በሌላ ሚዛን ነው የያዘችው።

«ሰውየው ቢሞትስ? ሐሚድ የማን ሰው ነው?» ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩ።

ነጋዴው ወረቀቱም አብሮ ይሞታል፣ ሐሚድም ወደ ቤቱ ይመለሳል አለ። ሐዋ ለፈረንጁ ረጅም ዕድሜ የመመኘት ሐሳብ እንደሌላት ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። ቀጥላ ሁለተኛውን ጠየቀች፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነበር።

«ለመኸር ለመኸር ይመጣል? ከመጣ ይሂድ። ካልመጣ አይሂድ።»

ነጋዴው ትከሻውን ነቀነቀ። እሱን አልነገሩኝም፣ ወረቀቱ ላይ ሳይኖር አይቀርም አለ። ያን ጊዜ አራቱም ወደ እኔ ዞሩ።

በአገሩ ደህና አድርጎ የሚያነብ አንድ የቁርዓን መምህር ነበር፤ ፈቂ ይሉታል። በዚያ ሰሞን ለለቅሶ ባምባሲ ወርዷል። ባምባሲ ደግሞ ሰማይ ቤት አይደለም፤ በእግር ቢበዛ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ነጋዴውም የሚነሣው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነበር፤ አምስት ቀን አለ። «ይህን ወረቀት ፈቂው ይየው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አራት ቃል። የሐሚድ እናት፣ ያቺ ያስታመመችኝ ሴት፣ ያሳደገችኝ ልጇ የሆንኩ ያህል በኩራት እያየችኝ ነበር። አራቱ ቃል አልወጣ አለኝ።

ወረቀቱን ተቀበልኩ። ጉንዳኖቹ ተሰልፈዋል። ከታች ወደ መጨረሻው አንዲት መስመር ላይ የማውቃቸው ሦስት ቃላት ብቅ አሉ፦ «መውጣት»፣ «ፈቃድ»፣ «ዓመት»። የቀረውን እኔው ሞላሁት። ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ «በየዓመቱ መውጣት ተፈቅዶለታል» ብዬ አነበብኩ።

ሐዋ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። እናቱ መረቀችኝ። ሐሚድ በጁምዓ ሄደ።

ፈቂው የተመለሰው ከሳምንት በላይ ቆይቶ ነው። እኔም እንደ ዋዛ አጠገቡ ተቀምጬ ያቺን መስመር እንደማስታውሳት በአሸዋ ላይ ሣልኳትና ይቺ ከሦስቱ ቃላት በፊት ያለችው ቀጭን ምልክት ምንድን ናት አልኩት። ፈቂው ሳቀ። «ላ ናት፤ አይደለም፣ አይሆንም ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ መስመሯን ሙሉዋን አነበበልኝ፦ ሁለት ዓመት እስኪሞላ ያለ ዋሱ ፈቃድ መውጣት የለም።

ሁለት ፊደል። ጨዋታው ሁሉ በሁለት ፊደል ተገለበጠ።

አሁን ደግሞ እናንተ ትላላችሁ፦ ያን ጊዜስ ቢሆን መች ረፈደ? ሐዋ ቤት ሄዶ መናገር፣ በሚቀጥለው ነጋዴ ለሐሚድ መላክ ነበር። አዎ። እኔም እንዲሁ አስቤ ተነሥቼ ነበር። መንገድ ላይ ስደርስ ነገ ይሻላል አልኩ። ነገ የገበያ ቀን ሆነ። ከገበያው ማግስት ሐዋ ወለደች፣ የወለደችን ሴት በክፉ ወሬ አያስደነግጧትም ተባለ። ያለው እኔ ነኝ። ሰው ፈሪ ሲሆን እንዴት አሳቢ እንደሚሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ዓመቱ ዞሮ ይመጣበታል የተባለው የመጀመሪያው መኸር መጣ። ማሽላው ታጨደ፤ ሐሚድ የለም። ሐዋ ልጇን አዝላ ገበያ መጥታ ጠየቀችኝ። መንገድ ይዞት ይሆናል አልኳት። በሚቀጥለው ገበያም መጣች። ወንዝ ሞልቶ ይሆናል አልኳት፤ በዚያ ወር የሚሞላ ወንዝ እንኳን አልነበረም። አላፊውን ነጋዴ ሁሉ እንድጠይቅላት ትለምነኝ ነበር፤ እጠይቅላታለሁ፣ ደህና ነው ይሉኛል፣ እተረጉምላታለሁ። ያን ጊዜ በትክክል የተረጎምኩት ያችን «ደህና ነው» ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

በሁለተኛው ክረምት እናቱ አረፈች። ታማ ሳለች አጠገቧ ነበርኩ፤ ብድር መመለሴ መሆኑ ነው። መኸሩ ስንት ቀን ቀረው እያለች ትጠይቀኝ ነበር። ቀኑን እነግራታለሁ። ሌላውን አልነገርኳትም።

ሐሚድ የመጣው ሁለት ዓመቱን ጨርሶ ነው። ልጅቷ ያላየችው ሰው ሲገባ አልቅሳ ከእናቷ ቀሚስ ውስጥ ተወሸቀች። እሱ እናቱ የተቀበረችበት ቦታ ሄዶ ብዙ ቆየ። ሲመለስ ሐዋ ገንፎ አቀረበች፤ አብረን ተቀመጥን። በበርታ ቋንቋ ስለ ማዶ አወራን። አንድ አጣቢ ያለ ፈቃድ ወጥቶ ወታደሮች ከወሰን እንደመለሱት፣ ፈረንጁ ክፉ ሰው እንዳልነበረ፣ ግን ሐሚድ ፈቃድ በጠየቀው ቁጥር ወረቀቱን አውጥቶ ያቺን መስመር በጣቱ ያሳየው እንደነበር ነገረን።

እጄ ገንፎው ላይ ቆመ። ሐሚድ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሐዋ በማትሰማው አማርኛ ተናገረ። አማርኛው የገበያ ነበር፤ እኔው ነበርኩ ያስተማርኩት።

«እኔ አውቋል። መጀመሪያ ወር ሰው አነበበ ለእኔ። አንተ ልክ አላነበበም።»

ለሐዋ ነግረሃታል ወይ አልኩት።

«ለሐዋ፣ እኔ ዛሬ ሲመጣ፣ ፈረንጁ ወረቀቱን ለወጠ አልኩ።»

ለምን? ብዬ ጠየቅኩት። ገንፎውን እየቆረሰ መለሰልኝ።

«እዚያ ሆኜ አሰበ። ሐዋ የሚሄድ የት ነው? የሚጠይቅ ማን ነው? አንተ ብቻ። እሷ አንተን ከጠላ፣ ማን ቀረለት?»

ሐዋ ምን አላችሁ ብላ ጠየቀችን። የመተርጎሙ ተራ የኔ ነበር። ሐሚድ ቀደመኝና፣ ገንፎሽ ጣፈጠ ነው ያልነው አላት።

ሐሚድ ወደ ማዶ አልተመለሰም። ወደ ወንዙ ተመለሰ፤ ላባው አሁንም ለግብር ይሄዳል። ልጅቷ ለመደችው፤ ብዙ ወር ግን ፈጀባት። ያን ሁሉ ወር የማስበው እኔ ነኝ፤ እሱ ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሣም።

እኔም ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አንብብልን ብለው ሲያመጡልኝ ይቺንና ይቺን ቃል አውቃለሁ፣ ሌላውን አላውቅም፣ ወደ ፈቂው ውሰዱት እላለሁ። ሰዉ ምን ያለ ይመስላችኋል? «እንዲህ ያለ ትሑት ቱርጁማን!» አለ። ከቶንጎ ድረስ እየጠየቁ የሚመጡ ተበራከቱ። እውነት መናገር እንዲህ እንደሚያስከብር ባውቅ ኖሮ ቀደም ብዬ እጀምረው ነበር።

ከሚመጡት ብዙዎቹን የምትልክብኝ ሐዋ ናት። «እሱ አይዋሽም» እያለች ነው አሉ። እስካሁን አልነገርኳትም።