ለሌባነት የተፈጠረው ባለቤቴ

ባለቤቴን ሞላን ሌባ ያደረገው ከአዲስ አበባ የመጣው አስተማሪ ሰሎሞን ነው፤ ሌብነቱን በአገር ፊት የመሰከረበት ደግሞ ጎረቤታችን አያ አድማሱ ነው። እኔን ማንም አልበደለኝም፤ የሌባ ሚስት ከመባል በቀር። ይህን አስቀድሜ መናገሬ አንባቢ ማንን እየጠላ እንደሚያነብ እንዲያውቅ ብዬ ነው። በዳዩ ያልታወቀ ወሬ ጨው እንደረሱት ሽሮ ነው፤ ይበላል፣ አይጣፍጥም።

ነገሩን ያስታወሰኝ ቴሌቪዥን ነው። ዓምና ለክርስትና ተጠርቼ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። የእህቴ ልጅ ባል ያን ሣጥን ገዝቶ ኖሮ ምሽት ምሽት ሰፈሩ ሁሉ እየገባ መሬት ላይ ይኮለኮላል። በሣጥኑ ውስጥ ስስታም ነጋዴ የሚሆን አንድ ተዋናይ አለ። ዳቦ ሲቆርስ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እንግዳ ሲመጣ ሮጦ መሶቡ ላይ ይቀመጣል። ሰዉ ይስቃል። ስቆ ሲያበቃ ግን አንዱ ሳይቀር «ይኼ ሰውዬ እኮ ለዚሁ የተፈጠረ ነው» ይላል። አንዲት ጎረቤትማ ተዋናዩን ገበያ መሐል አግኝታው ሰላም ቢላት አፍንጫዋን ነፍታ እንዳለፈችው በኩራት አጫወተችን። ምን አድርጎሽ ነው ብላት፣ እንግዳውን በባዶ ሆዱ የሸኘውን ረሱት ወይ አለችኝ። እንግዳውም ተዋናይ ነው፤ ከዚያ ወጥተው አብረው ጥብስ በልተው ይሆናል። ይህን ብነግራት እኔንም ከስስታሙ ወገን ትቆጥረኝ ነበር።

እኔ ያሰብኩት ስለ ሰውዬው ሚስት ነው። ያቺ ምስኪን ለባልንጀሮቿ ባሏ ቸር መሆኑን ለማስረዳት ስንት ድግስ ትደግስ ይሆን? ለመሆኑ እኛን ምን ይሻለናል? የሚያስመስል ሰው ካላሳመነን ሰነፍ ነው እንለዋለን፤ ካሳመነን ደግሞ እናስረዋለን። አዲስ አበቤዎች ለነገሩ ምሕረት አላቸው፤ ሰላምታ በመንፈግ ይመለሳሉ። እኛ ጋይንቶች ግን ሥርዓት አዋቂዎች ነን። አገር ሰብስበን፣ ሽማግሌ መርጠን፣ በወጉ ነው ሰውን የምናጠፋው።

ሰሎሞን ለአንድ ዓመት ሊያስተምር የተላከ ወጣት ነበር። የኛ መንደር ከንፋስ መውጫ የግማሽ ቀን መንገድ ናት፤ ገበያዋ ቅዳሜ ይቆማል፣ ቤተ ክርስቲያኗ የታወቀች ናት፣ ትምህርት ቤቷ ያኔ ገና አዲስ ክፍል አስገንብታ ነበር። ክፍሉን የአውራጃው ገዥ መጥተው ይመርቁታል ተባለ። ለሳቸው ክብር ቴአትር ይታይ ያለው ሰሎሞን ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ተጠንቅቀን በዳንን።

ይህ ልጅ አዲስ አበባ ሳለ ቴሌቪዥን አይቶ አይቶ አንድ ሃይማኖት ይዞ መጥቷል። ሃይማኖቱም፣ የቴአትር ምስጢሩ ትወናው ሳይሆን የሰው መረጣው ነው የሚል ነው። ሰውየውን ከቦታው ካስቀመጡት ሌላው ሁሉ በራሱ ይመጣል። ስለዚህ ቅዳሜ ገበያ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መልክ ይመርጥ ጀመር። የእርሻ በሬ የሚመርጥ ሰው አይታችኋል? እንደዚያው ነው፤ ጥርስ ገልጦ ማየት ብቻ ነበር የቀረው።

ለዳኛነት ጨው ነጋዴውን አቶ ደርሶን መረጠ። አቶ ደርሶ ሆዱ ከፊቱ ይቀድማል፤ ድምፁ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። በዕድሜው አንድ ነገር ፈርዶ አያውቅም፤ በቤቱ የምትፈርደው ሚስቱ ናት። ግን ዝም ብሎ ሲቀመጥ እንኳ ይግባኝ ያሰኛል።

ለሌባነት ደግሞ ሞላን።

ሞላ ማለት መንገድ ላይ ቢላዋ ወድቆ ቢያገኝ ባለቤቱን ፍለጋ ሦስት ቅዳሜ ገበያ የዋለ ሰው ነው። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አንዱ የኔ ነው ብሎ ዋሽቶ ወሰደው፤ ሞላም ተገላገልኩ ብሎ ደስ አለው። ማር ቆራጭ ነው። ንብ ያለበት ሰው ደግሞ አረማመዱ ይለያል፤ ሲራመድ ኮቴው አይሰማም፣ ትንፋሹን ይውጣል፣ ድንገት አይዞርም፣ በአንድ እጁ ጭሱን ይዞ በሌላው ይሠራል። ዓይኑም ከጭሱ ብዛት ቀልቶ ይቅበዘበዛል። ሰሎሞን ይህን ሁሉ አየና ማሩን ትቶ ሌባውን አገኘ።

ሄጄ ተሟገትኩት። ምነው ባለቤቴ እንደ ሰው ሽማግሌ ወይ መንገደኛ ቢሆን አልኩት።

«እትዬ ዘነቡ፣ ጋሽ ሞላ ለዚሁ የተፈጠሩ ናቸው» አለኝ፤ እንደ ምርቃት ነው የተናገረው። «በቴሌቪዥን እንኳ እንዲህ ያለ ሌባ አላየሁም።»

ሞላንም እምቢ በል አልኩት። እሺ አለኝ። ለሰሎሞንም ሄዶ እሺ አለው። የሰውዬው ችግር እሺ ማለት ነው፤ እምቢ ማለትን ሳስተምረው እንኳ እሺ ይላል።

ቀኑ ደርሶ ገዥው መጡ፣ ዳስ ተጣለ፣ አገሩ ሁሉ ወጣ። በጨዋታው ሌባው የሀብታም በቅሎ ይሰርቃል፣ ይያዛል፣ ይፈረድበታል። የአያ አድማሱን በቅሎ ራሷን ነው መድረክ ላይ ያሰሯት። ሞላ ከወደ ጓሮ ብቅ አለ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በቅሎዋ ራሷ መምጣቱን አላወቀችም። አፏን በነጠላ አፈን አደረገ፣ በአንድ እጁ ማሰሪያውን ፈታ፣ በሌላው አንገቷን ደባበሰ፣ ጥላ ጥላውን ይዟት ሄደ። አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነስተው የበቅሎዋን ባለቤት ንቃ እያሉ ይጠሩ ጀመር። አንዱ ዱላ ወረወረ። ገዥው ቆመው አጨበጨቡ። አቶ ደርሶ በዚያ ድምፁ ግርፋትና እስራት ሲፈርድበት፣ የሕዝቡ እልልታ ሠርግ ነበር የሚመስለው። ኃጢአቴን ልናዘዝና፣ እኔም ባለቤቱ፣ ሲያልፍ የነጠላዬን ቋጠሮ ዳሰስ አድርጌያለሁ።

ቤት ገብቶ ምን መሰልኩሽ አለኝ። አንተን አልመሰልክም ብዬ አጽናናሁት።

ከዚያማ ቀልድ ተጀመረ። ሞላ ገበያ ሲገባ በቅሎዎቻችሁን እሰሩ ይባላል። ዶሮ የጠፋባት ሴት እየሳቀች የኛን አጥር ታያለች። አቶ ደርሶ ዘንድም ሰው ይመላለስ ጀመር፤ ወሰን የተገፋ፣ ሚስት የኮበለለችበት፣ ሁሉም ጨው ሊገዛ መስሎ ገብቶ ፍርድ ይጠይቃል። ደርሶም አልቦዘነ። ቀልድ ሲደጋገም ስም ይሆናል፤ ስም ደግሞ እንደምታውቁት ከመቃብር በላይ ይውላል።

ወር ሳይሞላ የአያ አድማሱ በቅሎ የእውነቷን ጠፋች።

አገሩ አውጫጭኝ ተቀመጠ። ለማያውቀው፣ አውጫጭኝ ማለት ሌባው ያልታወቀ ነገር ሲጠፋ የአጥቢያው አባወራ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ወደ ሥራው የማይመለስበት ሥርዓት ነው። ያየ ሰው ያየውን ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራል። ጠላት እንዳያፈራም ስሙ አይነሳም፤ ወፍ ነገረችን ይባላል። ደግ ሥርዓት ነው፣ አልወቅሰውም። የዚያን ጊዜው ጉድለት አንድ ብቻ ነበር፤ ወፎቻችን በሙሉ ቴአትር አይተዋል።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ማን ሆኖ ቢመረጥ ጥሩ ነው? አቶ ደርሶ። ፍርድ እንደሚያውቅ አገር አይቶ መስክሯል።

በሦስተኛው ቀን ለሞላ ምሳ በአገልግል ይዤ ሄድኩና ከሴቶቹ ጋር ዳር ላይ ቆምኩ። አቶ ደርሶ ጉሮሮውን ጠረገ። ወፍ የምትለው ሁሉ ወደ አንድ ሰው ነው አለና ስሙን ጠራ። ሞላ አልተነሳም፣ አልማለም፣ አልጮኸም። አንገቱን ደፍቶ በዚያ በቀላ ዓይኑ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ያን ዕለት ነቀዘ። ከኋላዬ አንዷ ለሌላዋ፣ አየሽ፣ ሲያዝም ልክ እንዲህ ነበር ያደረገው አለቻት።

አንድ አስተዋይ ቄስ ጨዋታ ሌላ እውነት ሌላ ነው፣ ልጁ ይጠየቅ አሉ። ሰሎሞን ተጠራ። ደስ አለኝ፤ አሁን ያድነዋል አልኩ። አያ አድማሱም ጠየቀው።

«በቅሎ በአንድ እጅ መፍታቱን፣ አፏን ማፈኑን አንተ ነህ ያስተማርከው?»

ሰሎሞን ፊቱ በራ። «ኧረ እኔ ምንም አላስተማርኳቸውም። ከራሳቸው የወጣ ነው፤ ተፈጥሯቸው ነው» አለ።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ልጁ ባለቤቴን እያመሰገነ ነው።

«በቃ!» አለ አያ አድማሱ። «ያችኑ በቅሎ፣ በዚያው ማሰሪያ። ልምምዱን በዓይናችን ያየነው እኛው ነን። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጋላችሁ?»

አቶ ደርሶ ሆዱን አመቻችቶ ፈረደ። አንዴ ፈርዶበት ስለነበር አልከበደውም። ሞላ ታስሮ ንፋስ መውጫ ይሂድ ተባለ፤ ገመድ መጣ። ያ ገመድ ሰውዬው እጅ ላይ ካረፈ፣ እስር ቤቱ ቢፈታው እንኳ አገሩ አይፈታውም። ልጆቼ የሌባ ልጆች ሆነው ያድጋሉ፣ ማሩን የሚገዛው የለም፣ እሱ ደግሞ እሺ ብሎ ይሞታል። አጠገቡ ደርሼ ቆምኩ። ሴት በአውጫጭኝ መሐል ምን ታደርጋለች የሚል ጉርምርምታ ተሰማ።

ጉርምርምታው እስኪያልፍ ስለ አያ አድማሱ ትንሽ ላውራችሁ። አያ አድማሱ ባለጸጋ ነው፤ የጎደለው ሹመት ነው። ግራዝማች ብሎ ለጠራው ሰው ጠላ ያስቀዳል። ገዥው እንደሚመጡ ሲሰማ ሰሎሞንን ያዘና፣ በቅሎዬን የምሰጠው እኔም ከፊታቸው ከቆምኩ ነው አለ። ያኔ ቦታው ሁሉ ተይዞ የቀረው የሌባው ሚስት ብቻ ነበር፤ ከኛ ሴቶች መድረክ የምትወጣ አልነበረችምና። አያ አድማሱ አንድ ሌሊት አስቦ፣ ገዥው ካዩኝ ምን አለበት ብሎ ተቀበለ። ቤቴ ድረስ መጥቶ የሴት አረማመድ፣ የሴት ቁጣ ከኔ ተምሯል። ቀሚሴንም ተውሶ ብብቱን ተርትሮ ነው የመለሰው። መድረክ ላይ ወገቡን ይዞ ሞላን «ደግሞ ዛሬ ምን ይዘህ መጣህ?» ሲለው ጎረቤቶቼ ዞረው እኔን ነው ያዩኝ። ሰሎሞን እሱንም ለዚሁ የተፈጠሩ ናቸው ብሎታል። ጺሙን በሻሽ ሸፍኖ፣ ባሉ ሲታሰር ደረቱን እየደቃ ያለቀሰው ልቅሶ ዛሬም ድረስ በአገሩ ይነሳል።

ወደ ሜዳው ልመልሳችሁ። የሆነውን ባጭሩ፣ እኔ ከተናገርኩ በኋላ ገመድ የያዘው ሰውዬ ገመዱን ጥሎ ሆዱን ያዘ። አስተዋዩ ቄስ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አቶ ደርሶ ነገሩን ለሌላ ቀን ቀጠርኩት አለ፤ ቀጠሮ መስጠት መቼ እንደተማረ አላውቅም። ሞላን ይዤው ቤቴ ገባሁ። በሳምንቱ አንድ የእስቴ ሰው በቅሎዋን እየሳበ መጣ። አያ አድማሱ በመስቀል ሰሞን ከዚሁ ሰው መካነ ኢየሱስ ገበያ ነበር የገዛት፤ ያንን ሁሉ ገደል ብቻዋን ወርዳና ወጥታ፣ ካደገችበት ጓሮ ገብታ ቆማ ተገኘች። ይቅርታ የጠየቀን የለም። ሰሎሞን ብቻ ለመሰናበት ሲመጣ ጋሽ ሞላ አዲስ አበባ ቢሄዱ ቴሌቪዥን ይወስዳቸዋል አለኝ፤ በሩን አሳየሁት።

ታዲያ ምን ብትያቸው ነው አትሉም? እዚያ ሜዳ መሐል፣ አገልግሌን ለአያ አድማሱ ዘርግቼ፣ ቃል በቃል ያልኩት ይኸው ነው፦

«አያ አድማሱ፣ ጨዋታው ምስክር ከሆነ እኔም ተቀብያለሁ፤ ሞላ ሌባ ነው፣ ይታሰር። በዚያው ጨዋታ ግን ሚስቱ እርስዎ ነበሩ፤ አገር ያየው፣ ገዥ ያጨበጨበለት ነው። ለታሰረ ባል ስንቅ ተሸክማ የምትከተል ሚስቱ ናት። እንኩ፣ አገልግሉን ይያዙ፤ ንፋስ መውጫ ሩቅ ነው፣ ፀሐይ ሳይበረታብዎ ይነሱ።»