የሞተሬ ሳል

በአዲስ አበባ ሰው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ሊስትሮው በብሩሹ ሳጥኑን ይቀጠቅጣል፤ ቆራሌው ገና ከታች መንደር ሳለ አሮጌ ጫማ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል፤ የታክሲ ረዳት ሜክሲኮ ደርሶም «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ማለቱን አይተውም፤ ምናልባት መድረሳችንን እንዳንጠራጠር ይሆናል። ድምፅ የሌለው ሰው በዚህ ከተማ ወረፋ እንኳ አይደርሰውም። ታዲያ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ስለ ሞተሩ ድምፅ ቢጨነቅ ምን ይፈረድበታል?

እኔ ተጨንቄያለሁ። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ላለ አንድ የውሃ ፓምፕ ሻጭ ዕቃና ወረቀት ማመላለስ ነው። ለዚህም ፈቃድ ያላት አንዲት ሞተር አለችኝ። ፈቃድ አላት እንጂ ጤና የላትም። ማርሚታዋ፣ ማለትም ጭሱም ጩኸቱም የሚወጣበት ቱቦ፣ ሆዱ ተበስቶ ስለነበር ትንሽ ሄድ ስትል «እህ፣ እህ፣ እህህ» ትልና መጨረሻ ላይ «ጧ!» ታደርጋለች። የምኖርበት የጌጃ ሰፈር ሰው ደግሞ ለታመመ ምክር አይሰስትም። አንዱ «ዳማከሴ ጨምቀህ አጠጣት» ይለኛል፤ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት በማር ታዝዝላታለች። አንድ ቀን ፋርማሲ ደጃፍ ባቆማት፣ መድኃኒት ገዝተው የሚወጡ ሴትዮ «ዛሬስ ልክ ቦታ አመጣሃት» ብለውኝ አለፉ።

ሰዓዳ ባትኖር ይህ ሁሉ ባላስጨነቀኝ ነበር። ሰዓዳ የጋሽ ይመር ልጅ ናት። ጋሽ ይመር ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በደሴ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መኪናውን ቢተዉትም፣ ፊታቸው አሁንም አቀበት እየወጣ ነው።

እኔና ሰዓዳ ሁለት ዓመት ሙሉ የተገናኘነው በሳል ነው። ከሥራ ስመለስ በእነሱ መንደር ጫፍ አልፋለሁ፤ ሞተሬ ታስላለች፤ ሰዓዳ ዳቦ ልግዛ ብላ ትወጣለች። ያ ቤት ከዳቦ ሌላ የማይበላበት ይመስል በየምሽቱ ዳቦ ያልቃል። ሱቁ ጥግ ቆመን ትንሽ እናወራና ሞተሬን አስነስቼ እያሳልኩ እሄዳለሁ። ስልክ የላችሁም ወይ ትሉ ይሆናል። አለን እንጂ። ግን የጋሽ ይመር ቤት ስልክ በጠራ ቁጥር «ማነው?» የሚባልበት ቤት ነው። ሞተር ሲያስል ግን ማነው የሚል የለም፤ ወይም ለእኔ የሌለ መስሎኝ ነበር።

ዘንድሮ ሽማግሌ ልልክ ወሰንኩ። እንደ ወሰንኩ መጀመሪያ ሱፌን አየሁት፤ ቀጥሎ ጫማዬን፤ ቀጥሎ ማርሚታዬን። ሱፉና ጫማው ዝም አሉ። ማርሚታው ግን «እህ» አለ። ልጃቸውን የምጠይቃቸው ሰው እኮ ሹፌር ናቸው! ደረቷን በምታስል ሞተር የሚሄድ አማች ምን ብለው ይቀበላሉ?

ጭንቀቴን ለመካኒኬ ለቢኒ ነገርኩት። መካኒክን ዕቃ ልቀይር ወይ ብሎ መጠየቅ ቀበሮን በግ ትወዳለህ ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ቢኒ «ጀለሴ፣ አንተን የሚያህል አራዳ በዚህ ማርሚታ ሚስት ይጠይቃል?» ብሎ ከመደርደሪያው አንድ የሚያብረቀርቅ የስፖርት ማርሚታ አወረደ። ገጥሞ ሲሞክርልኝ ጋራዡ ተንቀጠቀጠ፤ በር ላይ የቆመች መኪና ማንም ሳይነካት መጮኽ ጀመረች። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። በሕይወቴ አንድም ነገር እኔን ፈርቶ ጮኾ አያውቅም።

ሆኖም እኔ ችኩል ሰው አይደለሁምና አማከርኩ። አከራዬ ጋሽ ሙሄ፣ ከምልካቸው ሽማግሌዎች ዋናው እሳቸው ናቸው፣ «ቀይረው እንጂ፤ የሚያገባ ሰው ሞገስ ያስፈልገዋል» አሉኝ። ሰዓዳ ግን አይሆንም አለች። እኔን የምታውቀኝ በሳሌ መሆኑን፣ በሌላ ድምፅ ብመጣ ማን ብላ እንደምትወጣ ጠየቀችኝ። ሴት ልጅ ስለ ሞተር ምን ታውቃለች ብዬ ሳቅኩ፤ በልቤ ነው እንጂ ጮክ ብሎ ለማለትማ ማን ይደፍራል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ? ማርሚታውን አስቀየርኩ።

በመጀመሪያው ምሽት ጠመንጃ ያዥ እያገሳሁ ገባሁ። መስኮት ተከፈተ፤ ውሻ ጮኸ፤ ባለሱቁ የሚመዝነውን ስኳር ደፋ። ከሰዓዳ በስተቀር ያልወጣ የለም። ዞሬ መጥቼ ደግሜ አገሳሁ። አንዲት እናት «ይሄ ምን ዓይነት ባለጌ ነው!» ሲሉ ሰማሁና፣ እኔም ባለጌውን የምፈልግ መስዬ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። እቤት ከገባሁ በኋላ ከሰዓዳ መልእክት ደረሰኝ፤ «ዛሬ ምነው ቀረህ? አንድ ዱርዬ ሰፈሩን ሲያምሰው አመሸ» ይላል። ዱርዬው እኔ መሆኔን ስነግራት አኮረፈችኝ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ዳቦ አላለቀም።

ያኔውኑ አሮጌውን ብመልሰው ምን ነበረበት? ግን ሰው ለገዛው ነገር ጠበቃ ነው፤ የሽማግሌዎቹም ቀን ደርሶ ነበር። ሽማግሌ ደግሞ እንደ ደንቡ በእግሩ፣ ቀስ ብሎ፣ ለልመና የሚሄድ ሰው ሆኖ ነው የሚሄደው። ሁለቱ እንደ ደንቡ ሄዱ። ጋሽ ሙሄ ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ታክሲም ጠፋ፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ ከኋላዬ አፈናጥጬ ወሰድኳቸው። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራቸውን እንደ ጦር ይዘው፣ በስፖርት ማርሚታ እየተገሳላቸው የመጡ ሽማግሌ ጠመንጃ ያዥ ያየው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። ጋሽ ይመር ደጃፍ ላይ አወረድኳቸውና ጥግ ይዤ ጠበቅኩ።

ውስጥ የሆነውን የነገሩኝ ጋሽ ሙሄ ናቸው። ተቀመጡ ሲባሉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው፣ «ልጃችን አንገቱን የደፋ፣ ድምፁ የማይሰማ ጨዋ ነው» ሲሉ ጀመሩ። ልጅ ሲዳር የሚባለው ይኸው ነው፤ ስንቱ ጯሂ በዚህች ቃል ተድሯል! ጋሽ ይመር እስከ መጨረሻው ሰምተው «አሁን እርስዎን ደጄ ላይ ያወረደው ነው ድምፁ የማይሰማው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ሙሄ ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ።

የገደለኝ ግን ከዚያ የመጣው ነው። ጋሽ ይመር ለልጃቸው በልባቸው የያዙት ሌላ ሰው እንዳለ ተናገሩ። ስሙን አያውቁትም፤ መልኩንም አላዩትም። የምታስል ሞተር ይዞ በየምሽቱ ጥግ ላይ ይቆማል፤ ልጃቸው ዳቦ ልግዛ ብላ ትወጣለች፤ ዳቦው ሳይቀዘቅዝ ትመለሳለች፤ ሳሉም እየራቀ ይሄዳል። እንደዚያች ያለችዋን ሞተር ችሎ የሚኖር ሰው ሚስቱንም በክፉ ቀን አይጥልም ብለው ካመኑ ቆይተዋል። «ሰሞኑን ግን ይሄ የእናንተ ዱርዬ መጥቶ ያንን ምስኪን አባረረው። ልጄም አኩርፋለች። ሂዱና እሱን ፈልጋችሁ አምጡልኝ» ብለው ሸኟቸው።

ይህን ስሰማ ቀናሁ። ቅናት ድሮም አውቃለሁ፤ በራሴ ላይ ስቀና ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ያን የመሰለ ተፎካካሪ በምን ይቻላል? ታዲያ ለምን ልጁ ያው ነው አላሏቸውም ብዬ ጋሽ ሙሄን ጠየቅኳቸው። «ማን ያምነኛል? ምስክርህ ሞተሯ ነበረች፤ እሷን ደግሞ አፏን ዘጋሃት» አሉኝ።

በርሬ ቢኒ ጋ ሄድኩ። አሮጌው ማርሚታዬ የጋራዡን በር ደግፎ ተቀምጧል። አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም። ቢኒ ጉዳዩን ሲሰማ በጣም አዘነልኝና፣ ለወዳጅ የሚደረገውን ሁሉ ሊያደርግልኝ ፈልጎ የብየዳ መሣሪያውን አነሳ፤ ቀዳዳውን ደፍኖ እንደ አዲስ ሊያደርግልኝ ነው። «ቀዳዳውን እንዳትነካ!» ብዬ የጮኽኩት ጩኸት ከስፖርቱ ማርሚታ ሳይበልጥ አይቀርም።

በዚያው ምሽት ጠመንጃ ያዥ ገባሁ። «እህ፣ እህ፣ እህህ፣ ጧ!» እንደዚያ የሚያምር ሳል ሰምቼ አላውቅም። ሰዓዳ እየሮጠች ወጣች፤ ዳቦውን ረስታዋለች። በላይዋ መስኮቱ ተከፈተና ጋሽ ይመር ብቅ ብለው አዩኝ። ሞተሯን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ሞተሯን አዩ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ እውነትም ድምፄ አይሰማም ነበር። ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሄዱ ጋሽ ሙሄን አፈናጥጬ እያሳልን ደረስን፤ ገና ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ።

ኒካህ ከታሰረ በኋላ ጋሽ ይመር ለብቻዬ ጠሩኝ። ምርቃት ጠብቄ ጎንበስ አልኩ። «ስማኝ ልጄ፣ ለክፉ የሚመጣ ሰው ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚመጣው። አንተ ስትመጣም ስትሄድም ትሰማ ነበር፤ እኔም አርፌ የተቀመጥኩት ለዚያ ነው» አሉኝ። እንባዬ መጣ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ቀጠሉ፤ «አሁን ግን የት እንዳለህ አውቄያለሁ። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ያንን ማርሚታ ቀይረው፤ ሁለት ዓመት ጆሮዬን በላው!»

የአማት ቃል ነውና በማግስቱ ወደ ቢኒ ልሄድ ስነሣ፣ ሰዓዳ የሞተሩን ቁልፍ ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። አባቷ በበቂ ሰምተው መጨረሳቸውን፣ ከእንግዲህ መውጣቴንም መግባቴንም የምትሰማው እሷ መሆኗን አስረዳችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማርሚታ ቢኒ ጋ የሄድኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ሳሉ ቀነስ ብሏል ብላ ልካኝ።