ያላበው አስጎብኚ

ጎንደርን ማወቅ የፈለገ ሰው ጎንደሬን አይጠይቅ። ይህን የምለው ራሴ ጎንደሬ ሆኜ ነውና ማንም እንዳይቀየመኝ። እናንተም ብትሆኑ የተወለዳችሁበትን ከተማ አስጎብኙ ብትባሉ የምታሳዩት ጥብስ የምትበሉበትን ቤት፣ ጫማ የምታስጠርጉበትን ሊስትሮና የአክስታችሁን ግቢ ነው። ለሁለት ቀን ብሎ ሻንጣውን እየጎተተ የመጣ እንግዳ ግን ቅዳሜ ጠዋት ግንቡን፣ ከሰዓት ጥምቀተ ባሕሩን፣ እሑድ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ቁስቋምን አዳርሶ፣ ፎቶውን ለዘመድ አዝማድ በትኖ ሰኞ አገሩ ይገባል። እኛ እዚያው ነን። ግንቡ የት ይሄድብናል?

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የግንቡን አጥር ታክኬ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ፣ ቢሮ ገብቻለሁ፣ ዝናብ ተጠልያለሁ፣ ፍቅረኛዬን ትዕግሥትን ቀጥሬ ጠብቄአለሁ። ወደ ውስጥ ግን ገብቼ አላውቅም ነበር። ነገ እገባለሁ፣ ነገ እገባለሁ ስል ጢም አወጣሁ።

ታዲያ ትዕግሥትን ላገባ ሽማግሌ ለመላክ ስሰናዳ፣ አዲስ አበባ ያሉት አባቷ "መጀመሪያ እህቴ ትየው" አሉ። እኚህ ሰው እንኳን ልጃቸውን ሊድሩ፣ የፋሲካ በግም ያለ እህታቸው ምርመራ አይገዙም አሉ። እህትየው እትዬ አልጋነሽ ጡረታ የወጡ፣ ዝምታ የሚወዱ ሴትዮ ናቸው። ቅዳሜና እሑድን ጎንደር ሊያሳልፉ መጡ። የእሳቸው "ይሁን" ከሌለ ጋብቻ ብሎ ነገር የለም። ትዕግሥት ደግሞ ነርስ ናትና ሁለቱንም ቀን ሆስፒታል ተረኛ ነበረች።

"አክስቴን አንተው አስጎብኛት" አለችኝ። "አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ የማታውቀውን አላውቅም በላት።"

እንዴት ተደርጎ? ጎንደሬ ሆኜ፣ ለአዲስ አበባ ሴት፣ ስለ ጎንደር አላውቅም ልበል? ሞቼ እገኛለሁ እንጂ!

ጣጣው የጀመረው ገና ከበሩ ነው። መግቢያው በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም። ሰው እንዳልጠይቅ አፈርኩና እትዬን ይዤ አጥሩን መዞር ጀመርኩ። አንድ ዙር ልንጨርስ ስንቃረብ "መጀመሪያ በውጭ መዞር የጥንት ሥርዓት ነው" አልኳቸው። እትዬ ቦርሳቸውን ከፈቱና ሶፍት አውጥተው ሰጡኝ። ለካ አፍንጫዬ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። የፀሐዩ ነው ብዬ ጠረግኩት።

ውስጥ ስንገባ ጉድ ፈላ። ለካስ ግንቡ አንድ አይደለም! "ይሄኛውስ ምን ነበር?" ይሉኛል፣ "የእንግዳ ማረፊያ" እላለሁ። "ያኛውስ?" "እሱም የእንግዳ ማረፊያ።" በእኔ አፍ የጎንደር ነገሥታት እንግዳ ከማሳደር ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። አንዱንማ "ይሄ ወጥ ቤቱ ነው" ብዬ ዞር ስል የአንበሶች ቤት የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። እትዬ አሁንም ሶፍት ሰጡኝ።

ከሰዓት ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወረድን። እዚህስ ተረፍኩ አልኩ፤ በየዓመቱ ጥምቀትን የምውልበት ነዋ። ግን በጥምቀት የማየው የሰው ማጅራት ነው። ሰዉ ሲነሣለት ምኑም ምኑም አዲስ ሆነብኝ፤ ገንዳው ደግሞ ደረቅ ነው። "ውሃውስ?" አሉ እትዬ። ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት እንደሆነ የጎንደር ሕፃን ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ምን ዋጋ አለው፣ አንዴ ለምዶብኝ "ትናንት ነው የደረቀ" አልኩ። የማውቀውን ዋሸሁ፣ ይታያችሁ!

እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገባን። ጣሪያው ላይ የተሣሉት መላእክት ዓይናቸው የማይደርስበት ጥግ የለም። እትዬ አንጋጠው ሲያዩ ቆዩና "እንዲያው የማንን ፊት አይቶ ይሆን የሣላቸው?" አሉ። "የሰፈሩን ሰው እያየ ነው" አልኩ። "ያ ጥጉ ላይ ያለው የእኔ ቅድመ አያት ናቸው።" ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ። እዚያ የነበረ ዲያቆን ድንገት ሳል ያዘው። እትዬ ቀና ብለው መልአኩን አዩ፣ ዝቅ ብለው እኔን አዩ። "አፍንጫችሁስ ይመሳሰላል" አሉና የቀረውን ሶፍት ከነማሸጊያው ሰጡኝ።

በመጨረሻ በባጃጅ ቁስቋም ወጣን። ፍርስራሹ ጋ ደርሰን "ልጅ ሆኜ እዚህ ነበር የምጫወተው" ልል አፌን ስከፍት፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ብድግ አሉ።

"መምህርት አልጋነሽ! ምነው እንዲህ ጠፋሽ?"

"አያ ውቤ! እንዴት ነዎት?" አሉ እትዬ፣ ተሳሳሙ።

ለካ እትዬ እዚሁ ሰፈር አሥራ አንድ ዓመት አስተምረዋል። ያስተማሩትም ታሪክ ነው። አያ ውቤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ፤ እትዬ ተማሪዎቻቸውን አሰልፈው ስንቴ ግንቡን እንዳስጎበኙ እየቆጠሩ አወሩልኝ። ትዕግሥትም ይህን ሁሉ ታውቃለች። አክስቷ "ትንፍሽ እንዳትዪ" ብለዋት ነው።

ትዕግሥትን ለሁለት የእንግዳ ማረፊያና ለአንድ ወጥ ቤት ሸጥኳት አልኩ በሆዴ።

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። "ሁሉም ውሸት ነው። ግንቡ ውስጥ ከእርስዎ ጋር መግባቴ የመጀመሪያዬ ነው። ትዕግሥትን እንዳላጣ ፈርቼ ነው።"

እትዬ ስልካቸውን አወጡና እዚያው ፊቴ ለወንድማቸው ደወሉ።

"ስማ፣ ልጅህን ስጠው" አሉ። "ስለ ጎንደር አንድም የሚያውቀው ነገር የለም። ይዋሻልም። ግን ሲዋሽ አፍንጫው ላይ ላብ ችፍ ይላል። እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል?"

አያ ውቤ አፍንጫዬን ጠጋ ብለው አዩና "ሸጋ ነው" አሉ።

ተጋባን። ዛሬ የግንቡን በር ሳልዞር አገኛለሁ፣ የአንበሶቹንም ቤት ከወጥ ቤት እለያለሁ። ትዕግሥትም ከፒያሳ ዘግይቼ ስገባ እንደ ሌላው ሚስት አትጨቀጭቀኝም። "ስብሰባ ነበረን" እላታለሁ።

ሶፍት ታቀብለኛለች።