የሁለት ቡድን ተቀማጭ

ሰውን ሥራ ማስፈታት ከፈለጋችሁ ሁለት አለቃ ስጡት። አንዱ ያዝዘዋል፣ ሌላው ይከለክለዋል፣ ሰውየው መሐል ላይ ተቀምጦ ይውላል። እኔ ወፍጮ ቤቴን ከባዶ ሜዳ ያቆምኩ ሰው ስለሆንኩ ሥራ የፈታ ነገር ሳይ ያመኛል። ዘንድሮ ያመመኝ የእህቴ ልጅ ጀማል ነው።

ጀማል ደባርቅ ውስጥ የገበያ ሰፈር ቡድናችን አጥቂ ነው። ነበር ልበል እንጂ። ለዞኑ ምርጥ ቡድን ተመረጠ ሲባል እናቱ በግ አሳረደች። መመረጥ ማለት ምን እንደሆነ የገባን ሥጋው ካለቀ በኋላ ነው። ጀማል ከመስመሩ ውጭ ወዲያ ወዲህ እየሮጠ ሰውነቱን ያሟሙቃል፣ ለሚጫወቱት ውሃ ያቀብላል፣ ከዚያ ይቀመጣል። ለማሟሟቅ የሮጠው ቢደመር ሊማሊሞን ወርዶ ይመለስ ነበር። ምድጃ እንኳ ይህን ያህል ከሞቀ አንድ ነገር ያበስላል!

ይህስ ይሁን። ከዳባት ቡድን ጋር ለዋንጫ ልንጫወት ስንዘጋጅ ግን የዞኑ አሰልጣኝ ጀማል ለሰፈሩ እንዳይሰለፍ ከለከለ። እንዳይጎዳብኝ ነው አለ። ምኑ ነው የሚጎዳው? ውሃ የሚያቀብልበት እጁ? ጀማል ወፍጮ ቤት ድረስ መጥቶ፣ “አጎቴ፣ እባክዎ ያናግሩልኝ፤ ኳስ መምታት ልረሳ ነው” አለኝ።

ሄድኩ። አሰልጣኙ፣ “አባቴ፣ እርስዎ ወፍጮዎን ይጠብቁ፣ ኳሱን ለእኛ ይተዉልን” አለኝ። እንዳያልቅበት ብሎ ድንጋዩን ሸፍኖ የሚያስቀምጥ ባለ ወፍጮ አይቼ አላውቅም አልኩት። ይህ ሳይንስ ነው ብሎ ሸኘኝ።

ዳባት ሄድን። በጀማል ቦታ የገባው በላይ የሚባል፣ ኳስ ከያዘ ለወንድሙም የማይሰጥ ጎረምሳ ነው። ጀማል በግራዬ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል፤ ሊቁ አሰልጣኝ የክብር እንግዳ ሆኖ በቀኜ ተቀምጧል። በላይ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ሁለት ጎል አገባና ዋንጫው የእኛ ሆነ። ዳባቶች፣ “እናንተን የሚያስሮጣችሁ የደባርቅ ብርድ ነው እንጂ ችሎታ መስሏችኋል?” እያሉ ሸኙን።

አሰልጣኙ እዚያው በላይን ጠርቶ መረጠው። ጀማልን ደግሞ፣ ከጨዋታ ስለራቅህ እግርህ ደርቋል፣ ቦታውን ልቀቅለት አለው። ማን አደረቀው ብዬ ጠየቅኩ። የምርጥ ቡድን ተጫዋች በየሳምንቱ መጫወት አለበት ሲል አስተማረኝ። በዚያው አፉ ወደ በላይ ዞሮ፣ “አንተ ከዛሬ ጀምሮ ለሰፈር መጫወት የለም፤ እንዳትጎዳብኝ” አለው።

ጀማል ወደ እኛ ተመለሰ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደባርቅ ላይ ገና ጨዋታው እንደተጀመረ ሁለት አገባ። ደርቋል የተባለው እግር ማለት ነው! እየጨፈርን ሳለ አሰልጣኙ አርፍዶ ከተፍ አለ፤ ተጫዋች ፍለጋ ነው። ወዲያው ጀማል በረኛውን አልፎ ባዶ ጎል ፊት ብቻውን ደረሰ። ቀና ሲል አሰልጣኙን አየ። ለአፍታ ቆመና ኳሷን ወደ ሰማይ ለቀቃት።

“ወይ ጀማል፣ እውነትም እግርህ ደርቋል!” ብሎ ሕዝቡ ጮኸ። አሰልጣኙም ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ተነስቼ ያጨበጨብኩት እኔ ብቻ ነኝ።