ደራሲው የረሳውን የምታስታውሰው ቶርቦርግ

ከኖርዌይ መጥተን በሰፈርንበት በዚህ በአሜሪካ የዳኮታ ሜዳ መጽሐፍን እንደተጻፈ ማንበብ የማይሆንላት ሴት የሌለችበት መንደር የለም። ካለ አሳዩኝ! የእኛይቱ ክብርት ወይዘሮ ቶርቦርግ ናት።

የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ሐሙስ ሐሙስ በተራ አንዳችን ቤት ተሰብስበን ለሚሲዮኑ ካልሲ እንሠራለን። እጃችን ሲሠራ ጆሯችን ሥራ እንዳይፈታ፣ በኖርዌይኛ በሚታተመው ጋዜጣችን በተከታታይ የሚወጣውን ልብ ወለድ ቶርቦርግ ታነብልናለች። ታነብልናለች አልኩ? ታሻሽልልናለች! ጋዜጣው ላይ በሳንባ ምች የሞተውን ስስታም ነጋዴ በእሷ አፍ በሬ ይረግጠዋል። ሚስቱን የሚመታ ሰካራም ካለ፣ ሳይገረፍ ምዕራፉ አያልቅም። ስትያዝ ደግሞ አታፍርም። መነጽሯን እየወለወለች "ደራሲው ረስቶት ነው" ትላለች።

እኔ ውሸት አይዋጥልኝም። ቄሱን እንኳ ስብከት መሃል አርሜያለሁ። ማንበብ የተማርኩት ከዚያው ጋዜጣ ነው፤ ሳልጨርሰው ከቤቴ አይወጣም።

አንድ ዓመት በመኸር ወንዶቹ፣ ሴቶች ድምፅ ይስጡ አይስጡ በሚለው ላይ ድምፅ ሊሰጡ ነበር። አስቡት! ላም አላቢዎቹ እኛ፣ እህል አጫጆቹ እኛ፣ ቁም ነገር ሲመጣ የምንናገረው በባሎቻችን አፍ! ባሌን ኦስሙንን ዓመት ሙሉ ጮህኩበት። "እሺ፣ እሺ" ይልና ፒፓውን ይለኩሳል። ድምፁ "አይሆንም" እንደሆነ ግን አገር ያውቃል።

ከምርጫው በፊት ባለው ሐሙስ ተራው የእኔ ቤት ነበር። ሚስቶቻቸውን ሊወስዱ የመጡት ወንዶች እንደ ልማዳቸው ማድቤት ተቀምጠው የድንች ቂጣ በቅቤ ይበላሉ። "የሴት ወሬ" አይሰሙም! በሩ ግን ሁልጊዜ ገርበብ ይላል።

በጋዜጣው ልብ ወለድ ውስጥ ያለችው ሲሪ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። የመንደሩ ወንዶች ተሰብስበው መሬቷን ሊቀሟት ነው። ጋዜጣው ላይ ሲሪ አልቅሳ ትወጣለች። ቶርቦርግ ግን ብድግ አለች፤ ሲሪም አብራት ብድግ አለች!

"'ከዚህ መሬት ድንጋይ ስለቅም ሴት ነሽ ያለኝ አለ? ባሌን በበረዶ ውስጥ ስቀብር ሴት ነሽ ያለኝ አለ? እጅ አውጡ ሲባል ብቻ ነው እንዴ ሴት የምሆነው!'"

የሹራብ መርፌው ሁሉ ቆመ። ማድቤት ማኘክም ቆመ።

ኦስሙን ቂጣውን እንደያዘ ብቅ አለ። ዓይኑ ቀልቷል። "ኧረ ግፍ ነው! ብሪታ፣ አንቺ ጋዜጣውን አንብበሻል። እውነት እንዲህ ብላለች? ወይስ ይቺ ሴትዮ እንደ ልማዷ እየቀባጠረችብን ነው?"

ቶርቦርግ ስትፈራ ያኔ ገና ማየቴ ነበር። እውነቱን ከተናገርኩ የኦስሙን ድምፅ ያመልጠናል፤ ከእሱም ጋር የማድቤት ሙሉ ወንድ ድምፅ!

"ብላለች" አልኩ። "ኧረ ከዚህም የባሰ ብላለች!"

ማክሰኞ ድምፁን ሰጥቶ ሲመለስ ደረቱን ነፍቶ "እሺ ብያለሁ፤ ለሲሪ ስል" አለኝ። ለሲሪ! ዓመት ሙሉ የጮህኩትስ? ልፈነዳ ደረስኩ። ግን አለፈ፣ ሕጉ አለፈ!

በፀደይ ለትምህርት ቤቱ ቦርድ ምርጫ ከቶርቦርግ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘን ሄድን። የእጩዎቹ ስም ያለበትን የድምፅ መስጫ ወረቀት ከላይ እስከ ታች አየችና ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኸች፦ "ያንቺ ስም የለም'ኮ! ደራሲው ረስቶት ነው።" እርሳሱን በምላሷ አርሳ ስሜን ጨመረች።

እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም ብዬ ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እርሳሱን ነጠቅኳትና በራሴ ወረቀት ላይ የእሷን ስም ጻፍኩ፤ ከሁሉም በላይ፣ በትልቁ።